የዘር ሰብሳቢው ሊቅ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ታሪክ

በአገራችን ገበሬ ቤት ሁለት ዓይነት እህል ይገኛል፤ አንደኛው ለመብል የሚሆነው ሲሆን ሁለተኛው ለዘር የተለየው ነው። የመብሉ እህል በጎተራ ይከተታል፤ ቤተ ሰቡም እንግዳውም ከእርሱ ይመገባል። ለዘር የተመረጠው ግን ዛላው ካማረው ላይ ተለቅሞ፣ አንዳንዱ በቅል ተደርጎ፣ አንዳንዱም ከምድጃው በላይ ጢስ በሚያገኘው ስፍራ ተሰቅሎ፣ ነቀዝ እንዳይነካው ተጠብቆ እስከ መዝሪያው ጊዜ ይቆያል። ክረምቱ ቢጠና፣ ጎተራውም ቢራቆት፣ እናት ልጆቿን በጎመንና በድንች ታቆያቸዋለች እንጂ የዘሩን ዕቃ አትከፍትም። ይህን ልማድ በመርጡለ ማርያምና በዙሪያዋ ያደግን ተማሪዎች ሁላችን እናውቀዋለን። ዘርን የሚጠብቅ ሰው የዛሬን ረኃብ ታግሦ ለነገ የሚያስብ ሰው ነውና።

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ፣ የአንዲት እናት ጥንቃቄ ለአንድ ቤት የሚያደርገውን ለዓለም ሁሉ ለማድረግ የደከመውን ሊቅ መረጥሁ። ይህም ሊቅ የመስኮብ አገር ተወላጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው። ሊቁ የዓባይን ሸለቆ በበቅሎ ተሻግረው፣ የጎጃምን አፈር ረግጠው፣ የገበሬዎቻችንን ስንዴና ገብስ በእጃቸው እየፈተሹ ሰብስበው ስለ ነበረ፣ ታሪካቸው ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ቫቪሎቭ ኅዳር 25 ቀን 1887 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከገጠር መጥተው በንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም የንግዱን ሥራ እንዲወርስላቸው ይመኙ ነበር፤ ነገር ግን የኒኮላይ ልብ ወደ ዕፀዋት አዘነበለ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይም እንደዚሁ ንግዱን ትተው የፊዚክስ ሊቅ ሆነዋል። ኒኮላይ በሞስኮ የእርሻ ትምህርት ቤት ገብተው በ1911 ዓ.ም. ተመረቁ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውም በሞስኮ አውራጃ ሰብልን ስለሚያጠፋ ቀንድ አውጣ መሰል ተባይ ነበረ። ከዚህም እንደምንመለከተው ገና ከወጣትነታቸው ዠምሮ ሐሳባቸው ከገበሬው ማሳ አልራቀም ነበር።

በዚያ ዘመን የመስኮብ አገር ሕዝብ በየጥቂት ዓመቱ በረኃብ ይጠቃ ነበር። ቫቪሎቭ የአራት ዓመት ሕፃን ሳሉ በ1891 ዓ.ም. ታላቅ ረኃብ ሆኖ ብዙ ሰው ሞቷል፤ በ1921 ዓ.ም. ደግሞ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ከዚያ የባሰ መጣ። ስለዚህ ወጣቱ ሊቅ ረኃብን ከሥሩ ለመንቀል ቆረጡ። መንገዱም ብርድን፣ ድርቅንና በሽታን የሚቋቋም የእህል ዘር ማግኘት መሆኑን ተረዱ። እንዲህ ያለውን ዘር ለማውጣት ግን አስቀድሞ የአበባን ሥራና የውርስን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የታሪኩን መንገድ ጥቂት ገታ አድርገን ስለ አበባ እንናገር። አበባ ለዓይን ማስደሰቻ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ዋና ሥራው ግን ዘር ማፍራት ነው። በአበባው ውስጥ ዱቄት የመሰለውን ብናኝ የሚያወጣ ወንዴ ክፍልና ያንን ብናኝ ተቀብሎ ፍሬ የሚቋጥር ሴቴ ክፍል ይገኛሉ። ብናኙ በሴቴው ጫፍ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ቀጭን ቧንቧ እያበቀለ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ በታች ካለው እንቁላል ጋር ተገናኝቶም ዘር ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘር ከአባትም ከእናትም የተቀበለውን ጠባይ በውስጡ ይዞ ይወጣል።

ነገር ግን የአባቢ ተክሎች ጠባይ አንድ ዓይነት አይደለም። በመስከረም ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰውን አደይ አበባ፣ እንዲሁም ኑጉን ተመልከቱ። አንድ አበባ የሚመስለን በእውነት ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ራስ ላይ የተሰበሰቡበት ማኅበር ነው። ኑግ በራሱ ብናኝ ዘር መያዝ እጅግ ያዳግተዋል፤ ንቦች ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው እየበረሩ ካላገናኙት ፍሬው ይጎድላል። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ግን ከዚህ ይለያሉ። የእነርሱ አበባ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በገለባ ተሸፍኖ ሦስት የወንዴ ዘንግና ሁለት ላባ የመሰለ የሴቴ ጫፍ ብቻ ይዟል። አብዛኛውን ጊዜም ንብም ነፋስም ሳያስፈልገው በዚያው በራሱ ብናኝ ዘር ይቋጥራል። ከዚህም የተነሣ ነጩ ጤፍ ከጥቁሩ አጠገብ ተዘርቶ ሳለ ዓመት ከዓመት ነጭነቱን ይዞ ይኖራል። የአያቶቻችን ምርጫ እስከ ዛሬ ሳይደባለቅ የደረሰን በዚህ ምክንያት ነው።

ሊቃውንት ሁለት ዓይነት ስንዴ ለማዳቀል በፈለጉ ጊዜ አበባው ሳይበስል ገለባውን በቀጭን መቆንጠጫ ከፍተው ሦስቱን የወንዴ ዘንጎች ያወጣሉ፤ ከዚያም ከሌላው ስንዴ ብናኝ አምጥተው በሴቴው ጫፍ ላይ ያኖራሉ። የሚወጣው ዲቃላ የሁለቱን ጠባይ በምን ሥርዐት እንደሚወርስ ያስተማሩት በአተር ላይ የመረመሩት መነኵሴ ግሬጎር ሜንደል ናቸው። ጽሑፋቸው በ1866 ዓ.ም. ታትሞ ሳለ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተዘንግቶ ቆይቶ በ1900 ዓ.ም. እንደገና ተገኘ። ቫቪሎቭም ይህን አዲስ ትምህርት ለመቅሰም በ1913 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው የሜንደልን ትምህርት ዋና አስፋፊ ከነበሩት ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማሩ።

የመዠመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1916 ዓ.ም. በፋርስ የሚገኙት የመስኮብ ወታደሮች እንጀራቸውን በበሉ ቁጥር እየዞረባቸው ይወድቁ ስለ ነበረ ምክንያቱን እንዲመረምሩ ቫቪሎቭ ተላኩ። እርሳቸውም ዱቄቱ ከእንክርዳድ ጋር የተቀላቀለና በሻጋታ የተበከለ መሆኑን ደረሱበት። እኛ በልጅነታችን እንክርዳድ ያለበት እህል እንደሚያሰክር ከወላጆቻችን እንደ ሰማን ማለት ነው። ከዚያም ሥራቸውን እንደ ጨረሱ ወደ ቤታቸው በመመለስ ፈንታ ወደ ፓሚር ተራሮች ወጥተው ዘር መሰብሰብ ዠመሩ። ሕይወታቸውን ሁሉ ያሳለፉበት ጉዞ የተዠመረው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1917 ዓ.ም. በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በዚያም ከተማ በ1920 ዓ.ም. በተደረገው የሊቃውንት ጉባኤ ስማቸውን ያስጠራውን አንድ ሕግ አስረዱ። ሕጉም ባጭሩ እንዲህ ነው። በዘመድነት የሚቀራረቡ ተክሎች ልዩነታቸውም ተመሳሳይ ነው። ነጭና ጥቁር፣ ጢም ያለውና ጢም የሌለው፣ ቶሎ የሚደርስና የሚዘገይ የዳቦ ስንዴ ካለ፣ በዱሩም ስንዴ፣ በገብስም እንደዚሁ ያለ ልዩነት መኖር አለበት። እስካሁን ካልታየም በአንድ ስፍራ ተሸሽጎ ይገኛልና መፈለግ ይገባል። ሰሚዎቹም እጅግ ተደስተው ቫቪሎቭን የኬሚካ ንጥረ ነገሮችን በሠንጠረዥ ካሰለፉት ከሜንዴሌየቭ ጋር አስተካከሏቸው። የሚቀጥለው ዓመት ሲገባ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ወደምትባለው ከተማ ተዛውረው የዕፀዋት ምርምር መሥሪያ ቤት አለቃ ሆኑ። ይህችም ከተማ ከ1924 እስከ 1991 ዓ.ም. ሌኒንግራድ ትባል ነበር።

ቫቪሎቭ ከዚህ በኋላ ዕረፍት አላወቁም። በ1921 ዓ.ም. አሜሪካን፣ በ1924 ዓ.ም. አፍጋኒስታንን ዞሩ። ስለ አፍጋኒስታኑ ጉዞ የአገራቸው የመልክዐ ምድር ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸልሟቸዋል። በየደረሱበት ገበያ ገብተው ከየቁናው እፍኝ እፍኝ ይገዛሉ፤ በየማሳው ገብተው ዛላውን ይለቅማሉ፤ የተገኘበትን ስፍራና ቀን ጽፈው በከረጢት ያኖራሉ። አብረዋቸው የሠሩት ሁሉ እንደ መሰከሩት ሌሊት ከአራትና ከአምስት ሰዓት በላይ አይተኙም ነበር።

በዚህ ልፋት ውስጥ አንድ ታላቅ ነገር አስተዋሉ። የአንድ እህል ልዩ ልዩ ዓይነት በምድር ላይ እኩል ተበትኖ አይገኝም። ብዙው በጥቂት ተራራማ አገሮች ተከማችቷል፤ በቀረው ዓለም የሚዘራው ግን ከዚያ የተወሰደ ጥቂቱ ነው። እነዚህንም አገሮች የአዝርዕት መገኛ ማእከሎች ብለው ጠሯቸው። በ1926 ዓ.ም. ስለዚህ ነገር የጻፉት መጽሐፍ ታትሞ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ከፍ ያለ ስም አተረፈላቸው። ከማእከሎቹ አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗን ከሩቅ ሆነው ከተሰበሰበው ዘር ተረድተው ነበረና አሁን በዓይናቸው ለማየት ናፈቁ።

በ1926 ዓ.ም. መጨረሻ ጅቡቲ ደርሰው በባቡር ወደ አገራችን ገቡ። ሐረርን ጐብኝተው አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ፣ በዚያን ወቅት ልዑል አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሯቸው። ስለ መስኮብ አገር ሁኔታና ስለ አብዮቱም ጠየቋቸው። ቫቪሎቭም በአገሩ ውስጥ እየተዘዋወሩ ዘር ለመሰብሰብ ፈቃድ አግኝተው፣ በቅሎና አጋሰስ ተከራይተው፣ አሽከሮች ይዘው በ1927 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወደ ሰሜን ተነሡ።

በዚያን ጊዜ ከሸዋ ወደ ጎጃም የሚያሻግር ድልድይ ያለው የመኪና መንገድ አልነበረም። ከደጋው ተነሥቶ ብዙ ሰዓት ቁልቁል ወርዶ፣ ንዳድና አዞ ያለበትን የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ እንደገና ያንኑ ያህል አቀበት መውጣት ግድ ነበር። የእኛን ገደል የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል አድካሚ መሆኑን ሳይነገረው ያውቀዋል። ለቫቪሎቭ ግን ይህ መውረድና መውጣት ራሱ ትምህርት ነበረ። በቆላው ማሽላ፣ ከፍ ሲል ጤፍና ኑግ፣ ከዚያም ስንዴና ባቄላ፣ በውርጩ አገር ገብስ እየተከታተሉ ሲመጡ አንድ ቀን በማይሞላ መንገድ ብዙ የአየር ጠባይ መታለፉን ያሳያልና። በአገራችን ብዙ ዓይነት ዘር ለመብቀሉ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ገደሉ አንዱን አገር ከሌላው ይለያል፤ ከፍታውም ለእያንዳንዱ ደጋና ቆላ የራሱን ዘር ያስመርጠዋል።

ሌላው ያስደነቃቸው ነገር የገበሬው ማሳ ነበረ። በኤውሮጳ አንድ ማሳ አንድ ዓይነት ስንዴ ብቻ ይዘራበታል። በኢትዮጵያ ግን በአንዱ ማሳ ውስጥ ነጩ፣ ቀዩና ሐምራዊው፣ ጢማሙና ጢመ አጭሩ ተቀላቅሎ ይበቅላል። በተለይም እኛ ጥቁር ስንዴ የምንለው፣ ፍሬው ሐምራዊ የሆነው ስንዴ፣ ለእርሳቸው ትልቅ ግኝት ሆነላቸው። ያልተማረ ሰው ይህን ቅልቅል የገበሬው ስንፍና ያደርገው ይሆናል፤ ነገር ግን ጥበብ አለበት። ዋግ ቢመጣ አንዱን ሲመታ ሌላው ይተርፋል፤ ዝናቡ ቢያጥር ዘግይቶ የሚደርሰው ቢጠፋ ቶሎ የሚደርሰው ለቤት ይገባል። ገበሬው ባዶ እጁን እንዳይቀር ቅልቅሉ ዋስ ይሆነዋል።

ጉዟቸውን ቀጥለው በጎንደር አልፈው ወደ አክሱም በተቃረቡ ጊዜ የልባቸው ምኞት ተፈጸመ። ጢም የሌለው ዱሩም ስንዴ በማሳ ላይ አገኙ። ከሰባት ዓመት በፊት በሳራቶቭ ጉባኤ መኖር አለበት ያሉት ዓይነት ስንዴ ነበረ። በወረቀት ላይ የተነገረው ሕግ በአንድ የኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ላይ እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያም አስመራ ደርሰው የሰበሰቡትን ዘር ወደ አገራቸው ላኩ።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ቫቪሎቭ ልዩነቱ የበዛበት አገር የእህሉ መገኛ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን በተደረገው ምርምር ስንዴና ገብስ መዠመሪያ ለእርሻ የተለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን፣ ወደ ኢትዮጵያም በጥንት ዘመን ገብተው በገበሬዎቻችን እጅ እንደ በዙ አረጋግጠዋል። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰትና ቡና ግን የአገራችን ልጆች ለመሆናቸው አከራካሪ አይደለም። ሊቅ በአንድ ነገር ቢሳሳት የሠራው ሁሉ ከንቱ አይሆንም፤ ዛሬም ዘር ፈላጊዎች የሚሄዱት ቫቪሎቭ ባመለከቱት መንገድ ነው።

ከኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ ቻይና፣ ወደ ጃፓንና ወደ ኮሪያ፣ ከዚያም እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ወደ መካከለኛውና ወደ ደቡብ አሜሪካ ተጓዙ። በሌኒንግራድ የተከማቸው ዘር ከመቶ ሺህ ናሙና በላይ ሆነ፤ በዚያም ዘመን በዓለም ላይ የሚተካከለው አልነበረም። ቫቪሎቭም የአገራቸው የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ የመዠመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። ነገር ግን በክብር ላይ ሳሉ መከራው እየቀረበ መጣ።

በ1930ዎቹ ዓመታት የሶቪየት መንግሥት የገበሬውን መሬት በኅብረት እርሻ ጠቅልሎ ስለ ነበረ ምርቱ ወድቆ፣ ሚሊዮኖች በረኃብ ዐልቀው ነበር። ገዥው ስታሊንም ባስቸኳይ ምርት የሚያበዛ ዘር ይውጣልኝ አለ። ቫቪሎቭ አንድን የስንዴ ዘር አዳቅሎ፣ መርጦ፣ ፈትኖ ለገበሬ ለመስጠት ዐሥር ዓመት ያህል እንደሚፈጅ በእውነት ተናገሩ። በዚህ ጊዜ ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ሰው ተነሣ። ዘርን አርጥቦ በብርድ በማቆየት ጠባዩን መለወጥ ይቻላል፤ የሜንደል የውርስ ትምህርትም ሐሰት ነው እያለ በጥቂት ዓመት ተአምር አሳያለሁ ብሎ ተስፋ ሰጠ። ቫቪሎቭ በመዠመሪያ የሊሴንኮ ሙከራ ይጠቅም ይሆናል ብለው ደግፈውት ነበር። በኋላ ግን ማስረጃ የሌለው መሆኑን በተረዱ ጊዜ በግልጽ ተቃወሙት። ስታሊንም እውነተኛውን ትቶ ተስፋ ሰጪውን ወደደ።

ከ1936 ዓ.ም. ዠምሮ በየስብሰባው ክርክሩ በረታ። ከሥራ ጓደኞቻቸው አንዳንዶቹ ታሰሩ፤ አንዳንዶቹም ተገደሉ። በ1938 ዓ.ም. ሊሴንኮ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1939 ዓ.ም. በኤዲንበርግ ለተደረገው የዓለም የውርስ ትምህርት ጉባኤ ቫቪሎቭ ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ ተመርጠው ሳለ ከአገር እንዳይወጡ ተከለከሉ። በዚህ ጊዜ አንድ ቃል ቢለውጡ፣ ሊሴንኮንም ቢያሞግሱ ሹመታቸውና ሕይወታቸው ይተርፍላቸው ይሆን ነበር። እርሳቸው ግን በእሳት ቢቃጠሉም እንኳ ከሚያምኑበት እውነት እንደማያፈገፍጉ በሠራተኞቻቸው ፊት አስታወቁ።

ነሐሴ 6 ቀን 1940 ዓ.ም. በምዕራብ ዩክሬን በቼርኖቭትሲ አቅራቢያ ዘር ሲሰበስቡ ውለው ወደ ማደሪያቸው በተመለሱ ጊዜ የምስጢር ፖሊሶች ይዘዋቸው ሄዱ። ጓደኞቻቸው የተዉትን ከረጢት ኋላ በፈቱት ጊዜ በዚያ ቀን የለቀሙትን የጥንት ስንዴ ዓይነት አገኙበት። የመጨረሻው ስብስባቸው ይኸው ሆነ። ከብዙ ወራት ምርመራ በኋላ ሐምሌ 9 ቀን 1941 ዓ.ም. እርሻን አበላሽተሃል፣ ለእንግሊዝም ሰልለሃል ተብለው በሐሰት ሞት ተፈረደባቸው። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ በቀረበ ጊዜ ወደ ሳራቶቭ ወኅኒ ተወሰዱ። በወጣትነታቸው ሕጋቸውን ያስረዱባት፣ የተከበሩባትም ከተማ እስር ቤታቸው ሆነች።

ጠባብ በሆነው ክፍል ውስጥ እንኳ አስተማሪነታቸውን አልተዉም። አብረዋቸው ለታሰሩት ስለ ዕፀዋትና ስለ እርሻ ያስተምሩ ነበር፤ ቀድሞ በሞስኮ ታስረው ሳሉም ስለ ዓለም እርሻ ታሪክ አንድ መጽሐፍ ጽፈው ጠፍቶባቸዋል። በ1942 ዓ.ም. የሞት ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቅ የውጭ አባሉ አድርጎ መረጣቸው። ባለቤታቸው ኤሌና ባሩሊና፣ እርሳቸውም የምስር ተክል ሊቅ ነበሩ፣ ከጦርነቱ ሸሽተው ከልጃቸው ከዩሪ ጋር በዚያችው በሳራቶቭ በችግር ይኖሩ ነበር። ባላቸው በዚያው ከተማ ወኅኒ ውስጥ መሆናቸውን ግን አላወቁም። ጥር 26 ቀን 1943 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ ሰውነታቸው በረኃብ አልቆ ሞቱ። ዕድሜያቸው አምሳ አምስት ዓመት ነበር። የሰውን ልጅ ከረኃብ ለማዳን አምስት ክፍለ ዓለም የዞሩት ሰው የሚበሉት አጥተው ሞቱ።

ያ የሰበሰቡት ዘርስ ምን ሆነ? ከመስከረም 1941 ዓ.ም. እስከ ጥር 1944 ዓ.ም. ድረስ የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከብቦ ነዋሪውን በረኃብ ፈጀ። የዘሩ ቤት ጠባቂዎች ሩዝ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ለውዝ በሞላበት ክፍል ውስጥ ሆነው ከእርሱ አንዲት ፍሬ አልቀመሱም። የሩዙ ኀላፊ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ሩዙን እንደ ጠበቁ በረኃብ ሞቱ። የለውዙ ኀላፊ አሌክሳንደር ሽቹኪንም በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ እንዳሉ አረፉ። ሌሎችም ብዙዎች ተከተሏቸው። ዘሩ ግን ተረፈ። አለቃቸው በወኅኒ፣ እነርሱም በከበባ ውስጥ ሆነው አንዱን ሥራ ፈጸሙ። የእኛ እናቶች በክረምት ማለቂያ የሚያደርጉት ይህንኑ አይደለምን?

የእውነት ነገር ቢዘገይም አይቀርም። ስታሊን ከሞተ በኋላ በ1955 ዓ.ም. ፍርድ ቤት የቫቪሎቭን ንጽሕና አወጀ። ሊሴንኮም በ1960ዎቹ ዓመታት ከሥልጣኑ ወረደ። የዘሩ ቤት ዛሬ የቫቪሎቭን ስም ተሸክሞ ይገኛል።

በአገራችንም የእርሳቸውን ሐሳብ የሚከተል ሥራ ተሠርቷል። በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዕፀዋት ዘር ማእከል ተቋቁሞ የየአውራጃው ዘር እየተሰበሰበ በብርድ ክፍል መቀመጥ ዠመረ። ማእከሉ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘርን ከብርድ ክፍሉ ሌላ በገበሬውም እጅ እንዲጠበቅ ስላደረጉ በ1989 ዓ.ም. የዓለም ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የጤፍ አበባ በማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ ዓመታት ደርሰውበት ሁለት ዓይነት ጤፍ ማዳቀል ተቻለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የዚህ ዓይነቱ ማዳቀል ፍሬ ነው። በሌላም በኩል ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ጠባይ በአሜሪካ የካሊፎርኒያን ገብስ ከአንድ አጥፊ የቫይረስ በሽታ አድኖታል። ያንን ገብስ ለዘመናት መርጠው ያቆዩት ስማቸው ያልተጻፈ ደገኞች ናቸው።

እንግዲህ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረው ምንድር ነው? ዛሬ በገበያው የሚመጣው ምርጥ ዘር ምርት ያበዛልና ገበሬው ቢወደው አይፈረድበትም። ነገር ግን አዲሱ በገባ ቁጥር አሮጌው ሳይዘራ ይቀራል፤ ጥቂት ዓመት ሳይዘራ የቀረ ዘር ደግሞ መብቀል ይሳነዋል። በቤታችን ሰምረታ የሚባለው ገብስ፣ ለቆሎ የሚመረጠው ሰነፍ ቆሎ፣ ቶሎ የሚደርሰው ቡንኝ ጤፍ፣ ጥቁሩም ስንዴ በእኛ ዘመን ቢጠፉ ልጆቻችን ከየት ያመጧቸዋል? ቫቪሎቭ ከሞስኮ ድረስ በበቅሎ የፈለጉትን ነገር እኛ በጓሯችን ይዘን ሳለን ስሙን እንኳ ሳናውቅ ብንቀር ታላቅ ነውር ይሆንብናል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ለዕረፍት ወደየቤታችን በሄድን ጊዜ አያቶቻችንን እንጠይቅ። በልጅነታቸው ስንት ዓይነት ገብስና ጤፍ ይዘሩ እንደ ነበር፣ ስሙንና ጠባዩን፣ የቀረበትንም ምክንያት በደብተር እንጻፍ። ከእያንዳንዱም ጥቂት ዛላ፣ ከሜዳውም አበባ ለቅመን፣ በወረቀት መካከል አድርቀን፣ የተገኘበትን ስፍራና ቀን ጽፈን ወደ ትምህርት ቤታችን እናምጣ። መምህራኖቻችን ይረዱናል፤ ወላጆቻችንም የሚያውቁትን ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ይህ ሥራ ገንዘብም ትልቅ መሣሪያም አይጠይቅም፤ እርሳስና ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል።

ቫቪሎቭ ያወረሱን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዘርን መጠበቅ፣ ሁለተኛው እውነትን አለመካድ ነው። ሁለቱም ለጊዜው የሚያስርቡ ናቸው፤ መከሩ ሲደርስ ግን ብዙ ሰው ከእነርሱ ይበላል። ትምህርት ቤታችንም የመልካም ዘር ጎታ ሆኖ ብዙ ትውልድ እንዲያፈራ እየተመኘሁ ጽሑፌን በዚሁ እፈጽማለሁ።